በሌላ ሰው ስም የተጠሩት ደራሲ፦ የወይዘሮ ቲርጻ ፔል ቬን የሕይወት ታሪክ

የፔል ቤተ ሰብ ለኤልደርዴል መንደር መለኪያ የነበረ ቤተ ሰብ ነው። አያታቸው ኦባዳያ ፔል የጋሪ መንኮራኩር ሠሪ ሆነው ሲኖሩ፣ አስቀድመው የገዛ ልጆቻቸውን አሳፍረው ቁልቁለቱን ያልወረዱበትን ጋሪ ለማንም ሸጠው አያውቁም። ባለቤታቸው ኬዝያ ፔል የመንደሩን ልጆች በወጥ ቤታቸው ሰብስበው ንባብ ያስተምሩ ነበር፤ ወላጅ መጥቶ "ለድንች ለቀማ ፈልጌያታለሁ" ቢላቸው "ምዕራፉን ሳትጨርስ አትነሣም" ብለው የሚመልሱ፣ ወላጁም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሴት ነበሩ። ባለርስቱ ራሱ በደጃፋቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሣ ነበር። ዛሬ ሰው የሚከበረው በሰረገላውና በእራት ግብዣው ሆኗልና፣ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የነበራቸው ሰዎች እንደ ነበሩ በቅድሚያ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ቲርጻ የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ናቸው። ከአባታቸው ከኢዩኤል ፔልና ከእናታቸው ከሚሊሰንት በደርቢሺር፣ በኤልደርዴል መንደር፣ በመጋቢት ወር 1831 ዓ.ም. ተወለዱ። ንባብንና ጽሕፈትን ከአያታቸው፣ የመዝሙር ዜማን ከሰንበት ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤት አልገቡም። ይህ በጋዜጦች ከተጻፈው የተለየ መሆኑን ለሚያስተውል፣ ጋዜጦቹ የተሳሳቱ መሆናቸውን በዚሁ እንገልጻለን።

አባታቸው በሳንባ ሕመም ካረፉ በኋላ እናታቸው ልብስ በማጠብ ቤቱን ማቆም አቃታቸው። ስለዚህ ወይዘሮ ቲርጻ በ1845 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና በዐሥራ አራት ዓመታቸው፣ በብራክስተን ቤት በገረድነት ተቀጠሩ። የቤቱ አዛዥ የነበረችው ሴት በመጀመሪያው ቀን ያነጋገረቻቸውን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልረሱትም።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ቲርጻ፣ እመቤቴ።"

"እሱን ለእናትሽ አስቀምጪላት። እዚህ ቤት የፎቅ ሁለተኛ ገረድ ኤማ ናት። እመቤት ብራክስተን በየዓመቱ አዲስ ስም ሲለምዱ አይኖሩም።"

"እስካሁን ኤማ የነበረችውስ የት ሄደች?"

"ሞታለች። አንሶላው ታጥቧል፤ አትፍሪ።"

በብራክስተን ቤት የነበረው ልማድ በብዙ ታላላቅ ቤቶች የነበረ ልማድ ነው። ገረድ ትለወጣለች፤ ስሙ ግን ከክፍሉ፣ ከአልጋውና ከሽርጡ ጋር ለተከታይዋ ይተላለፋል። ወይዘሮ ቲርጻ የሟቿን ሽርጥ ለበሱ፤ ወገቡ ላይ የሟቿ ስፌት ነበረበት። በአልጋዋ ተኙ። በስሟም አቤት አሉ።

የገረድ ሥራ የሚጀመረው ጌቶች ሳይነሡ ነው። አመዱን መጫር፣ የምድጃውን ብረት በጥቁር ቅባት መወልወል፣ እሳቱን ማያያዝ፣ መስኮቱን መክፈት፣ ከዚያም ማንም ሳያያቸው መጥፋት ነበረባቸው። በመተላለፊያው ከቤቱ ሰው ጋር ቢገናኙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። በዚህ ዐይነት በጎሕ ሲመላለሱ፣ ወይዘሮ ቲርጻ ወደ ሰማያዊው ሳሎን በገቡ ቁጥር አመዱ ተጭሮ ያገኙት ጀመር። ሌሎቹን ገረዶች ቢጠይቁ አንዳቸውም ወደዚያ ክፍል አልገቡም። ከሁሉ የባሰባቸው ግን ሲጠሩ ነበር። "ኤማ" የሚለው ድምፅ ከላይ ሲሰማ፣ እሳቸው ገና እግራቸውን ሳያነሡ፣ ሌላ ኮቴ ከፊታቸው ደረጃውን ይወጣ ነበር። ሁልጊዜም አንድ ደረጃ ይቀድማቸዋል።

ወጥ ቤቷን ስለ ሟቿ ጠየቋት። ወጥ ቤቷ ዶሮ እየነጨች ነበር።

"ከባሕሩ ጠረፍ የመጣች ልጅ ናት። ትኩሳት ያዛት፤ በሳምንቱ አለቀች።"

"እውነተኛ ስሟስ?"

"ነግራኝ ነበር፣ የኔ ልጅ። ግን እዚህ ቤት የምጠራው ስም አራት ነው፤ ለአምስተኛው ጭንቅላቴ ቦታ የለውም። አንቺም ያንቺን ደጋግመሽ አትንገሪኝ፤ በከንቱ ነው።"

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በሰሜኑ አጥር ሥር፣ እመቤት ብራክስተን በልግስናቸው ያቆሙላት ድንጋይ አለ። "ኤማ፤ የብራክስተን ቤት ታማኝ አገልጋይ" ይላል። ወይዘሮ ቲርጻ በየእሑዱ በዚያ ሲያልፉ የሚያነቡት የራሳቸውን መጠሪያ ነበር።

በ1852 ዓ.ም. በጋ፣ ጌድዮን ቬን የተባለ የሼፊልድ መጽሐፍ ጠራዥ የብራክስተንን ቤተ መጻሕፍት ሊጠግን መጣ። ወይዘሮ ቲርጻ መደርደሪያውን ሊያራግፉ ሲገቡ፣ ከአቧራው ይልቅ ገጹን ሲያገላብጡ አገኛቸው።

"ስምሽን ማን ልበል?" አለ።

"ኤማ።"

"የሚጠሩሽን አይደለም የጠየቅሁት።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በተከታዩ ዓመት በሼፊልድ በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በ1856 ዓ.ም. ብቸኛ ልጃቸው ላምበርት ተወለደ።

ባለቤታቸው መጽሐፍ ሲጠርዝ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው፣ "የዌዘርሌ ወራሾች"፣ በሦስት ቅጽ ሆኖ በ1859 ዓ.ም. በለንደን ታተመ። በአሳታሚው ቢሮ የተደረገው ንግግር ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ መነሻ ነውና መጻፍ ይኖርበታል።

"ወይዘሮ ቬን፣ መጽሐፍ አከራዮቹ ስለ ደራሲዋ ይጠይቁኛል" አለ አሳታሚው። "ስለ ታላላቅ ሰዎች ሳሎን የሚጽፍ ሰው በሳሎኑ ተቀምጦ ነው እንጂ ጠርጎ መሆን የለበትም።"

"እኔ ግን የጠረግሁት ነኝ።"

"ይህንንማ እኔና እርስዎ እንወቀው። ለሌላው ሰው የቄስ ልጅ ነዎት። የቄስ ልጅ መሆን ማንንም አይጎዳም።"

"አባቴን ይጎዳል።"

"አባትዎ መጽሐፍ አይከራዩም።"

ልጁ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የጠራዥነቱም ገቢ ቀጭን ነበር። ወይዘሮ ቲርጻ ዝም አሉ። ጋዜጦችም የቄስ ልጅ አደረጓቸው፤ ኢዩኤል ፔልም ከገዛ ልጃቸው ታሪክ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ልብ ወለዶች ጻፉ፤ ቤተ ሰቡም ወደ ለንደን ተዛወረ። የተቺዎችን አስተያየት ለሚያስታውስ፣ በእያንዳንዱ መጽሐፋቸው ውስጥ ማንም የማይጠራት አንዲት ሴት በደረጃ ስትወርድ ትታያለች፤ ከየት እንደ መጣች፣ ወዴት እንደምትሄድም አይነገርም። አንዱ ተቺ "ወይዘሮ ቬን ይህችን ሴት አንድ ቀን ቢያሰናብቷት መልካም ነው" ብሎ ቀልዶባቸዋል። እሳቸው አልሣቁም። በራሳቸው ቤት፣ ወደ ራሳቸው ሳሎን ሲገቡ አስቀድመው በሩን ያንኳኩ ነበር። ጽሕፈት ላይ ሳሉ በጎረቤቱ ክፍል አመድ ሲጫር ይሰሙ ነበር፤ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሄደው ሲያዩ ማንም የለም፤ ምድጃው ግን ተጠርጎ ይቆያቸዋል። በቤታቸው የተቀጠረችውን ልጅ ሁሉ እናቷ ባወጣችላት ስም ይጠሩ ነበር። እስከ መጨረሻ ያገለገለቻቸው ሱዛና ይህን ትመሰክራለች።

በ1873 ዓ.ም. አዲሷ እመቤት ብራክስተን፣ የቀድሞዋ ምራት፣ የመጽሐፎቻቸው አድናቂ ስለ ነበሩ ጋበዟቸው። ወይዘሮ ቲርጻ እምቢ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ላምበርት ግን የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ታላቁን ቤት ለማየት ጓጓ። ከሰዓት በኋላ በመስኩ ላይ ሻይ ቀረበ። አንድ ጳጳስ፣ ሁለት የምክር ቤት አባሎችና ሚስቶቻቸው ተቀምጠው ነበር። ነፋስ ሲነፍስ እመቤት ብራክስተን ወደ ቤቱ ዞር ብለው "ኤማ፣ ሻሌን አምጪ" አሉ።

ወይዘሮ ቲርጻ ተነሡ። የሐር ቀሚስ ለብሰው፣ የሻይ ስኒ በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ቤቱ መራመድ ጀመሩ።

"ወይዘሮ ቬን፣ ምን ጎደለዎ?" አሉ እመቤት ብራክስተን እየሣቁ።

"ምንም፣ እመቤቴ" አሉ ወይዘሮ ቲርጻ። ይህን ሲሉም ገረድ እንደምትለው፣ ዐይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ነበር። ጳጳሱ ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ። በበሩ የቆመው ሽማግሌ አሽከር ግን ከገረድነታቸው ዘመን ጀምሮ ያውቃቸው ነበርና አንገቱን ደፋ። ላምበርት የአሽከሩን ፊት አየ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ተረዳ።

በማግስቱ በባቡር ሲመለሱ ልጁ ጠየቃቸው።

"እማማ፣ ለምን ተነሡ?"

"ተጠራሁ።"

"የተጠራችው ገረዷ ናት።"

"ከእኔ በፊት የተነሣች ሌላ ነበረች፤ እሷን ነው የተከተልሁት። ገረዷማ የመጣችው በኋላ ነው።"

ላምበርት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። "አባቴ ያውቃል?"

"መጥረጊያ ይዤ ነው ያገኘኝ።"

"ሌላስ ማን ያውቃል?"

"የአባትህ ወንድም። አሁን ደግሞ አንተ።"

"እንግዲያው በዚሁ ይብቃ" አለ።

በእሳቸው በኩል ግን አልበቃም። ከዚያ ዓመት ጀምረው በየጸደዩ በምሥራቁ ጠረፍ ከተሞች ጋዜጦች ማስታወቂያ ያወጡ ነበር፦ በ1845 ዓ.ም. በብራክስተን ቤት ሳለች ያረፈችውን ልጅ እውነተኛ ስም የሚያውቅ ሰው በለንደን ወደ ወይዘሮ ቬን ይምጣ የሚል ነው። ከሚመኙት ነገር ሁሉ የቀራቸው ይህ ብቻ ነበር። ስሟን አውቀው፣ አንድ ጊዜ በስሟ ጠርተው፣ ድንጋይዋን ማስተካከል ይፈልጉ ነበር። ላምበርት ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሲሆን ይህ ማስታወቂያ እሾህ ሆነበት።

"እማማ፣ ሰው ይጠይቃል እኮ። አንዲት የሞተች ገረድ ምን ውለታ ዋለችልዎት?"

"አልጋዋን ለቀቀችልኝ።"

"ስለ እኔም ያስቡ።"

"ስለ አንተ ያሰብሁት ሃያ ዓመት ዝም ብዬ ነው።"

አቶ ጌድዮን ቬን በ1880 ዓ.ም. ዐረፉ። ወይዘሮ ቲርጻ በ1889 ዓ.ም. ጸደይ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። ላምበርትም ሊያስታምም ወደ ቤታቸው ገባ። በዚያን ጊዜ የአንድ ዳኛ ሴት ልጅ አጭቶ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ላምበርት ራሱ በቃሉ እንደ ተናገረው የተጻፈ ነው። በጥቅምት ወር፣ የዳኛው ባለቤት በሳሎን ተቀምጠው ሳሉ፣ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። ላምበርት እንግዳ ይጠብቅ ነበርና ራሱ ከፈተ። ዝናብ የመታቸው፣ የወየበ ጥቁር የለበሱ፣ ቅርጫት የያዙ አሮጊት ቆመዋል።

"ወይዘሮ ቬንን ፈልጌ ነው።"

"የአገልጋዮች በር በታች በኩል ነው፣ እናት።"

"ላገለግል አልመጣሁም፣ ጌታዬ። ከባሕሩ ጠረፍ እዚህ ድረስ የመጣሁት ተጠርቼ ነው። ጎረቤቴ ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ አነበበልኝ።"

"ማን ብዬ ልንገራቸው?"

"የሟቿ እህት ናት በላቸው።"

ላምበርት ማን እንደ ሆኑ ያን ጊዜውኑ ገባው። ከሳሎኑ የዳኛው ባለቤት "ማነው?" ሲሉም ሰማ።

"በታች በኩል ይግቡ፤ እዚያ ያነጋግሩዎታል" አለ።

"እህቴ በዚያ በር ገብታ ነው ስሟን ያጣችው። እኔ አልገባበትም" አሉ አሮጊቷ።

በሩን ዘጋ። ከፎቅ እናቱ በደከመ ድምፅ "ላምበርት፣ ማን ነበር?" አሉ።

"ማንም አይደለም፤ ዓሣ ሻጭ ናት" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላምበርት ቁልፉን በበሩ ውስጥ ባስገባ ቁጥር ከኋላው ሰው የቆመ ይመስለው ነበር። ሲከፍት፣ ሳያስበው ጎን ቆሞ ያሳልፋል፤ የሚያልፍ ግን የለም። እጮኛው አንድ ቀን "ማንን ነው የምታሳልፈው?" ብላ ጠየቀችው። በቤቱ ውስጥ ደግሞ የአመዱ ድምፅ ጠፋ። በኅዳር መጀመሪያ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ወይዘሮ ቲርጻ ልጃቸውን አስጠሩት።

"እዚህ የለችም" አሉት።

"ማን ናት የሌለችው፣ እማማ?"

"ዕድሜዬን ሁሉ ከፊቴ ስትሄድ የኖረች። ውጭ ቀርታለች፤ ደረጃው ላይ ዝናብ እየመታት ነው። በሩን ማን ዘጋባት?"

ላምበርት ወደ ወጥ ቤቱ ወርዶ ሱዛናን አነጋገራት። እሷ በዚያ ቀን አሮጊቷን በአጥሩ በኩል ደርሳባቸው ትኩስ ሻይ ሰጥታቸው ነበር፤ አገራቸውንም ጠይቃ ነበር። ላምበርትም ጠዋቱን ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር ተሳፈረ።

አሮጊቷን፣ ወይዘሮ ማርጀት ስኬፍን፣ በዮርክሺር ጠረፍ፣ በቤታቸው ደጃፍ፣ ለመንጠቆ የሚሆን የባሕር ቀንድ አውጣ ከቅርፊቱ ሲያወጡ አገኛቸው። ቀና አላሉም።

"ልለምንዎ ነው የመጣሁት" አለ።

"እጄ ሥራ ይዟል። ጆሮዬ ግን ክፍት ነው።"

"እናቴ እየሞቱ ነው። እባክዎን አብረን እንሂድ።"

"በየትኛው በር ነው የምገባው?"

"በፊት ለፊቱ። እኔ ራሴ እከፍትልዎታለሁ።"

"እንግዲያው ቆቤን ላድርግ" አሉና ቢላውን አስቀመጡ።

በባቡሩ ውስጥ ስለ እህታቸው ነገሩት። አባታቸው በባሕር ሰምጦ ሲቀር ልጅቷ ወደ ብራክስተን ተላከች። በሞተች ጊዜ የሰበካው ቄስ ወደ ቤታቸው መጥተው "ኤማ የምትባለው ልጅሽ ዐርፋለች" ብለው ለእናታቸው ነገሯት። "እናታችን ሣቀችባቸው" አሉ ወይዘሮ ማርጀት። "'ተሳስተዋል፣ አባ፤ የኔ ልጅ ኤማ አይደለችም፤ የዚያችን እናት ሄደው ያጽናኑ' አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ልጄ በዓል ሲሆን ትመጣለች እያለች በር ሳትዘጋ ነው የሞተችው። አልቅሳም አታውቅ።"

ለንደን ደርሰው ወደ መንገዱ ሲታጠፉ የቤቱ መስኮቶች መጋረጃ ሁሉ በሐዘን ልማድ ወርዶ ታየ።

"ዘገየን" አሉ ወይዘሮ ማርጀት።

ወይዘሮ ቲርጻ ፔል ቬን ኅዳር 9 ቀን 1889 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጃቸው በመንገድ ላይ ሳለ ዐረፉ።

ላምበርት የፊት ለፊቱን በር ከፈተ፤ ወይዘሮ ማርጀትም ገቡ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ጓንታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን በወይዘሮ ቲርጻ እጅ ላይ አኖሩ። "ደማሪስ ነው ስሟ" አሉ። "ደማሪስ ስኬፍ። ስትዘፍን ድምፅዋ አያምርም ነበር፤ ግን አታቆምም። እንግዲህ ነገርኩሽ፤ አሁን ተኚ።" ከዚያም በደረጃው ላይ ኮቴ ሲወርድ ተሰማ። ሱዛና ሰምታለች፤ ላምበርት ሰምቷል፤ ወይዘሮ ማርጀትም ቀና ብለዋል። የሁለት ሰው ኮቴ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይቀድምም ነበር። በሩ እንደ ተከፈተ ነበርና ወደ ውጭ ወጣ። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ መጻፍ አስፈላጊ አይደለም።

ወይዘሮ ቲርጻ በኑዛዜያቸው መሠረት በዛሬው ቀን በብራክስተን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በሰሜኑ አጥር ሥር፣ በደማሪስ ስኬፍ አጠገብ ያርፋሉ። አሮጌው ድንጋይ ተነሥቶ አዲስ ቆሟል፤ የሁለቱም እውነተኛ ስም፣ የአባቶቻቸውም ስም ተቀርጾበታል። የብራክስተን ቤት ቢፈቅድም ባይፈቅድም ይህ ይደረግ ነበር፤ ደግነቱ ፈቅዷል።

ወይዘሮ ቲርጻ አንድ ወንድ ልጅ፣ የባለቤታቸውን ታላቅ ወንድም፣ የቤተ ሰብ ያህል የሆነችውን ሱዛናንና ከመቃብር ዳር ያገኙትን ዘመድ ወይዘሮ ማርጀት ስኬፍን ትተው አልፈዋል። እያንዳንዱን ሰው በስሙ የሚያውቅ አምላክ፣ ማንም ፊቱን ወደ ግድግዳ በማያዞርበት ቤት ያኑራቸው፤ ከመሥራት ያሳርፋቸው፤ ከመፍራትም ያሳርፋቸው።

ይህ ጽሑፍ ተጽፎ ሲያልቅ ለላምበርት ተነበበለት። ስለ እሱ የተጻፈው ለዳኛው ቤተ ሰብ ጆሮ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ ሊቀንስ የሚፈልገው ነገር ካለ ተጠየቀ።

"አንድም ቃል አይቀንሱ፣ አጎቴ" አለ። "ይልቅ የምጨምረው አለኝ፤ እዚያው ሁሉ ሰው ባለበት ይነበብልኝ። እናቴ የተመኙትን ሳያገኙ የሞቱት በእኔ ነው። ሴትዮዋን በሩ ላይ ሳያቸው ማን እንደ ሆኑ ዐውቄ ነው የመለስኋቸው። ክብራችንን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር።"